«ከየት አመጣሽው?»፦ ልጄ ክረምቱን የተማረችበት ክፍል

ሰሞኑን ሱቄ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ልጅሽ ክረምቱን የት ነበረች? ምንድን ነው የተማረችው? ስንት ነው? ኮፒ እያደረግኩ፣ መልስ እየቆጠርኩ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር እያስነሳሁ ስንቴ ልናገረው። አንዴ እዚህ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው።

ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን። መምህር አይደለሁም፣ ሥነ ጽሑፍም አላጠናሁም። ግን ተማሪ ምን እንደሚያነብ፣ ይልቁንም ምን እንደማያነብ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሁሉም በእጄ ነው የሚያልፈው።

የልብ ወለድ ትንተና ጽፋችሁ አምጡ ሲባሉ ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። አንዱ ከቴሌግራም ያወርድና በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ሦስት ገጽ ናት። ጭብጥ፣ መቼት፣ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ «ከመጽሐፉ ያገኘሁት ትምህርት»። ከላይ ስሙን ቀይሮ ያሳትማል። ነገ ጓደኛው ይመጣና ስሙን ይቀይራል። ከነገ ወዲያ የጓደኛው ጓደኛ። አንዷ ጽሑፍ ላይ «ገጸ ባሕርይ» የሚለው «ገጸ ባሕር» ተብሎ የተጻፈባት ቦታ ነበረች፣ እሷ ስሕተት ከልጅ ልጅ ስትዞር ከረመች፣ አንድም ያረማት አልነበረም፣ ምክንያቱም አንድም ያነበባት አልነበረም። እኔም ገንዘቤን እቀበላለሁ። ምን ልዋሽ፣ ጥሩ ገበያ ነው።

ነገሩ የቆረቆረኝ የራሴን ልጅ ጽሑፍ ያየሁ ቀን ነው። ያኔ 10ኛ ክፍል ነበረች። እሷ አልገለበጠችም፣ መጽሐፉን አንብባ ራሷ ነው የጻፈችው። ግን ከዚያ ከሚዞረው ምንም አይለይም። «የመጽሐፉ ጭብጥ ፍቅር ነው። ደራሲው ውብ ቋንቋ ተጠቅሟል። ከመጽሐፉ ብዙ ትምህርት አግኝቻለሁ።» የቱ ጋ ነው ቋንቋው ያማረው? ምን ትምህርት? የለም። ውጤቱ ከ10 9። አስተያየት የሚባል ነገር አንዲት ቃል የለበትም፣ ራይት ብቻ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚታጨቅ ስለማውቅ መምህሩ ላይ አልፈርድም። ግን ልጄ አንድ መጽሐፍ ሙሉ አንብባ፣ ማልቀሷንም አይቻለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ከዚያ ሁሉ ምንም የለም።

ክፍሉን የሰማሁት ከደንበኛ ነው። ስም የለውም። ሰሌዳ አልተሰቀለበትም፣ ማስታወቂያም አያስነግርም። ሰው «ጋሼ ቤት» ነው የሚለው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ጠጋ ብሎ አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው በክረምት ሁለት ወር፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት ያስተምራሉ። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ልጆች ብቻ። ላስመዘግብ ስሄድ «ጋሼ፣ ድርሰት ያስተምራሉ አሉኝ» ብላቸው «አላስተምርም» አሉኝ። ደንገጥ አልኩ። «ያነበቡትን መጻፍ ነው የማስተምረው፣ የኔ ልጅ። ድርሰት ሌላ ነው።» ልዩነቱ ያን ቀን አልገባኝም።

ዋጋው በወር 1,200 ብር። ውድ ነው፣ አልደብቅም። እዚያው ሰፈር ሒሳብና ፊዚክስ በ800 ይሰጣል። ባለቤቴ «አፏን ለፈታችበት ቋንቋ 1,200 ትከፍያለሽ?» ብሎ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

የመጀመሪያው ቀን እኔም ገብቼ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወላጅ መቀመጥ ይችላል፣ መናገር ግን አይችልም። ጋሼ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፉ። አባይ። «ምንድን ነው?» ሲሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ወንዝ!» አሉ። እዚሁ ተወልደው ሌላ ምን ይበሉ። ከዚያ ከሥሩ ሁለት ስንኝ ጨመሩ። ራሳቸው የገጠሟት ናት፣ «ለሥራ ያህል ናት፣ ገጣሚ ነኝ አላልኩም» እያሉ፦

እመለሳለሁ ብሎ ከጣና እንደ ወጣ፣
አባይ ሰው ነው ለካ፣ ክረምቱ ብቻ መጣ።

«አሁንስ?» ዝም። ከጥግ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ውሸታም» አለች።

«ከየት አመጣሽው?»

«እንደዚያ ይመስላል።»

«መምሰሉን ተይው። ከየትኛው ቃል አመጣሽው?»

ልጅቷ ሰሌዳውን አፍጥጣ አየችው። «እመለሳለሁ ብሎ አልተመለሰም። ክረምቱ ብቻ ነው የመጣው። ደግሞ ሰው ይላል፣ ወንዝ ሰው አይባልም።» ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «እና ወንዝ ያላችሁት ተሳስታችኋል?» አንድ ልጅ ተነሣ። «አልተሳሳትንም። ከጣና ወጣ ይላል። አባይ ከጣና ወጥቶ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።» «ጎሽ። አንተም ከቃል አመጣኸው። ሁለታችሁም ተቀመጡ።»

በቃ ትምህርቱ ይኸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ የተማሩት ይህችኑ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ከየት አመጣሽው።

ጋሼ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፣ ሁለት ዓመት። ጎጃም ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፣ ግን እሳቸው እዚያ ያዩትን ወደ ክፍል ያመጡበት መንገድ ደስ አለኝ። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ ይነግራል፣ የኔታ እዚያው ያርሙታል። ወርቁን አገኘሁ የሚል ተማሪ መጀመሪያ ሰሙን መያዝ አለበት። ስለ አንድምታም፣ ማለትም ስለ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ትርጓሜ፣ ነገሯቸው። መተርጉማኑ «አንድም» ብለው ሁለተኛ ትርጉም ሲያመጡ ከኪሳቸው አውጥተው አይደለም፣ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ከንባቡ ነው የሚነሣው። «ስለዚህ እናንተም አንድም ማለት ትችላላችሁ፣ እስከ አምስት አንድም ድረስ እፈቅዳለሁ፣ ግን እያንዳንዱ አንድም እግር ይኑረው» አሉ። እኔ ደግሞ ትንተና የሚባለው ነገር ከፈረንጅ መጽሐፍ የመጣ ነበር የሚመስለኝ። አያቴ ቤት የሚመጡት መሪጌታ ሲሠሩት የኖሩት ነገር ነው ለካ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን ልጆቹን ይዘዋቸው ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። አንድ ዋርካ ሥር አስቀመጧቸው። ይህን ከልጄ ነው የሰማሁት፣ ደጋግማ ስለነገረችኝ ግን ያየሁት ያህል ነው። ከዘጌ በኩል አንዲት ታንኳ እንጨት ተጭና ትመጣለች። አንድ ሰው ይቀዝፋል። «ያያችሁትን ጻፉ።» ጻፉ። አንዱ «ሰውየው ድሃ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ደክሞታል»፣ ሌላዋ «ቤተሰቡን ለማስተዳደር ይለፋል» አለች። ጋሼ ወረቀቶቹን እያነበቡ «እናንተ ዓይናችሁ ምን ያህል ቢያይ ነው! ቤተሰቡን የት አየሽው? ታንኳው ላይ ነበሩ?» ሳቅ ሆነ። «ደክሞታል» ያለውን ልጅ ከየት አመጣኸው አሉት። ልጁም «መቅዘፊያውን ሁለት ጊዜ ይመታና ያሳርፋል። ሌሎቹ ሳያሳርፉ ነው የሚያልፉት» አለ። ጋሼ «ይህን ነበር መጻፍ የነበረብህ። 'ደክሞታል' ያንተ ነው። መቅዘፊያው የሐይቁ ነው። አንባቢ አንተን አያምንም፣ መቅዘፊያውን ነው የሚያምነው» አሉት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ስለ ጭብጥ፣ ስለ መቼት፣ ስለ አንጻር፣ ስለ ትልም ትርጉማቸውን በቃሌ ነበር የማውቀው፣ አሁንም ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እላቸዋለሁ። ግን አንድ ሰው መጽሐፍ ገልጦ እዚህ ገጽ ላይ አንጻሩ ምን ይሠራል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የአካል ክፍሎችን ስም ሸምድዶ ሰው ሳይነካ ሐኪም የሆነ ሰው ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው የተማርነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወደ መጽሐፍ ገቡ። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር። ኧረ እሱማ ያረጀ አይደለም ወይ፣ በ1958 የታተመ፣ አዲስ ነገር ቢሰጧቸው ምናለ ብዬ ነበር። እናቴ በሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው እየሰማች ያለቀሰችበት ነው። ጋሼ የመረጡት ሀገሩ ቅርብ ስለሆነ ነው፣ ማንኩሳም ዲማም ልጆቹ በስም የሚያውቋቸው ቦታዎች ናቸው፣ ንግግሩንም ከአያቶቻቸው አፍ ሰምተውታል። ደግሞም ታሪኩን ሁሉም ስለሚያውቀው መተረክ አያስፈልግም። ይቺ ብልሃት ናት። የተማሪ ትንተና ሁሉ የሚሞትበት ቦታ ታሪኩን መልሶ መተረክ ነው፣ ሁለት ገጽ ሙሉ በዛብህ ሄደ፣ ሰብለ ጠበቀች፣ ፊታውራሪ መሸሻ ተቆጡ። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን «እኔ አንብቤዋለሁ። የሆነውን እንዳትነግሩኝ» ብለው ቆለፉት።

ከዚያ ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት ስለ አንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጡ። ጉዱ ካሳን «ጉዱ» ያለው ማን ነው?

ልጄ ማታ ቤት መጥታ «እማዬ ቀላል ነው» አለችኝ። የጻፈችው ይኸው፣ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፦ «ጉዱ ካሳ አስተዋይ ሰው ነው። ስለ ኅብረተሰቡ ብዙ ነገር ይናገራል። ሰዎች ግን እንደ እብድ ያዩታል። ከጉዱ ካሳ ብዙ እንማራለን።» በሦስተኛው ቀን ተመለሰላት። የታረመ ነገር የለውም። ኅዳጉ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ። «እንደ እብድ የሚያየው ማን ነው፣ ተራኪው ወይስ መንደሩ?» «የሰውየው ስም ካሳ ዳምጤ ነው። ስም እያለው ሌላ ስም ለምን አስፈለገ?» «ብዙ እንማራለን – አንዱን ንገሪኝ።»

እንደገና ጻፈች። ተመለሰ። እንደገና። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ደግሞ ይህ ነው፦ «'ጉዱ' የሚለው ቅጽል ስም ስለ ካሳ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሰጡት ሰዎች የሚነግረን ይበልጣል። ካሳ የሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ሰዎቹ መልስ በመስጠት ፈንታ ስም ሰጡት። አንዴ ጉድ ከተባለ በኋላ የሚለው ሁሉ የጉድ ወሬ ስለሚሆን ማንም እንዲመልስለት አይገደድም።»

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር ያነበብኩት። ደንበኛ «ኮፒዬ አልደረሰም ወይ» እስኪለኝ ድረስ ሁለቴ አነበብኩት። የ16 ዓመት ልጅ ናት። እኔ ያንን መጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ ግን ስለ ስሙ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። የጋሼ አስተያየት ከሥር ምን ይላል መሰላችሁ? «ገጽ?» በቃ። ገጽ አልጠቀሰችማ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፣ አለኝም።

አንደኛ፣ ቅርጹ። ጋሼ እያንዳንዱ አንቀጽ ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዝ ዓረፍተ ነገር)፣ ከዚያ ማስረጃ፣ ከዚያ ማብራሪያ ይኑረው ይላሉ። ጥሩ ነው። ግን መጨረሻ ላይ የሁሉንም ልጆች ጽሑፍ ሰብስበው እኔ ጋ አምጥተው አንድ ላይ አስጠረዙ (በቅናሽ ሠራሁላቸው)፣ እየጠረዝኩ ሳነብ ሁሉም ማለት ይቻላል ማስረጃውን ካስቀመጠ በኋላ «ይህም የሚያሳየን» ብሎ ይቀጥላል። ይህም የሚያሳየን። ይህም የሚያሳየን። ያ «ከመጽሐፉ ያገኘሁት ትምህርት» የሚለው ሄዶ በሌላ ተተካ እንዴ አልኩ። ለጋሼም ነገርኳቸው። «እግር ያልጸና ልጅ ምርኩዝ ይይዛል፣ ኋላ ይጥለዋል» አሉኝ። ይሁን። ግን ኋላ የሚባለው መቼ ነው? ክፍሉ ሁለት ወር ነው፣ ምርኩዙን የሚያስጥላቸው ሦስተኛ ወር የለውም። እኔ ብሆን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ያን ሐረግ እከለክል ነበር።

ሁለተኛ፣ ፊደል። ልጄ ኀ፣ ሐ እና ሀን እንዳሻት ትቀላቅላለች፣ ሠ እና ሰም እንደዚያው። ጋሼ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አይነኩትም። «መጀመሪያ ሐሳቡ ይቁም፣ ቀለም የሚቀባው ቤቱ ከተሠራ በኋላ ነው» ይላሉ። እኔ በሙያዬ የፊደል ነገር ስለሚያንገበግበኝ ሊሆን ይችላል፣ ግን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ረቂቅ ላይ ያለፉት ብዙ ነበር። ለዚህ ነገር የከፈላችሁ እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ስንጀምር 14 ልጆች ነበሩ። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ይመለስ ነበር። ወሬው ሲሰማ ነሐሴ ላይ 26 ሆኑ። እምቢ ማለት የማይችሉ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀት በሳምንቱ፣ አንዳንዴም በአሥረኛው ቀን ሆነ የሚመለሰው። ልጅ የጻፈውን ረስቶት የሚመጣ አስተያየት እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ነው። ጋሼን አልወቅስም፣ 26 ልጅ እያንዳንዱ ሦስት ረቂቅ ሲጽፍ ቁጭ ብሎ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ አስቡት፣ ደግሞም ሌሊት በሻማ የሚያነቡበት ጊዜ ነበር። ግን የዚህ ክፍል ጥቅሙ ሁሉ ያ አንባቢ ነው። ሰሌዳው አይደለም፣ አግዳሚው አይደለም። 1,200 ብር የምትከፍሉት የልጃችሁን ወረቀት ከልቡ አንብቦ «ይህ አልገባኝም» ለሚል አንድ ሰው ነው። ሰውየው 26 ቦታ ሲካፈል ዋጋውም መቀነስ ነበረበት።

ቤቱ እንደነገሩ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የባሕር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይሰማማም። ጋሼ ለዚህ ሕግ አውጥተውለታል፦ ዝናብ ሲመጣ ንግግር ያበቃል፣ ጽሑፍ ይጀመራል። ልጆቹ ዝናብ ሲጀምር «ኧኧኧ» እያሉ ደብተር ያወጣሉ። መጸዳጃው የግቢው ተከራዮች ሁሉ የሚጠቀሙበት ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። ከግቢው መውጫ ያለችው መንገድ ውሃ ስለምትይዝ ባጃጅ እስከ በሩ አይገባም። ቦቲ ያለው ልጅ ቦቲ ያድርግ።

ስለ ቻትጂፒቲ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። አዎ፣ እዚያም ገብቷል። አንድ ልጅ አራት ገጽ የተዋበ ጽሑፍ አመጣ። እኔ ጋ ነው ያሳተመው፣ ስለዚህ ከማንም በፊት አውቄዋለሁ፣ ግን የደንበኛ ምስጢር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጽሑፉ ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ድል ባለ ሠርግ ተጋብተው በደስታ መኖራቸው ተተንትኗል፣ ሠርጉም የአሮጌውና የአዲሱ ትውልድ እርቅ ምሳሌ ነው ይላል። መጽሐፉን ያነበበ ይስቃል፣ ያላነበበ ያጨበጭባል። ጋሼ አልተቆጡም። ልጁን አስነሥተው «ደስ ይላል። እስቲ የሠርጉን ገጽ አውጣልንና እንብላ እንጠጣ» አሉት። ልጁ መጽሐፉን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ራሱ ነው የሚጽፈው፣ ጽሑፉ ደካማ ነው፣ ግን የራሱ ነው። ከዚያም በኋላ የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ በእጅ እንዲጻፍ ተደረገ፣ የሚጠቅሱትም ገጽ መጻፍ ግዴታ ሆነ።

አሁን የሁላችሁም ጥያቄ፦ ለፈተና ይጠቅማል ወይ? ወንድሜ በዚህ ነገር ሲከራከረኝ ከረመ። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ለሚጠቆርበት ፈተና ምን አንቀጽ ያስጽፋታል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፣ ድርሰት የለበትም። አማርኛም ከሚፈተኑት ትምህርቶች መካከል አይደለም። የ2015ቱ ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ብቻ ነበር፣ ያንን የሰማ ወላጅ ገንዘቡን ለሒሳብ ቢያውል ማን ይፈርድበታል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሲገቡ ከሱቄ ሆኜ አያለሁ፣ ሆዴ ይባባል። እዚህ ክልል ደግሞ ባለፉት ዓመታት ትምህርት ስንት ጊዜ እንደተቆራረጠ እናንተው ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ነጥብ የሚጨምር ነገር ፍለጋ ከሆነ ወደዚህ አትላኩ። ልጄ በእንግሊዝኛ የማንበብ ጥያቄዎች ላይ «መልሱ ምንባቡ ውስጥ የት ጋ እንዳለ አሁን እፈልጋለሁ፣ ድሮ እገምት ነበር» ትለኛለች። ይህ የጋሼ ይሁን የዕድሜዋ አልፈርድም። እኔ የላክኋት ግን ለዚያ አልነበረም። ፈተናው ምርጫ ብቻ ስለሆነ ማንም የማያስተምራቸውን ነገር አንድ ሰው እንዲያስተምራት ስለፈለግኩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፊ በተባለች ቀን እኔ ሱቅ መጥታ በፍላሽ የሰው ሥራ እንዳታሳትም።

አንድ ጉዳት አድርሶብኛል፣ ልንገራችሁ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ልጄ ሱቅ እየረዳችኝ ነበር። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ፍላሽ ይዞ መጣ። ያቺኑ «ገጸ ባሕር» ያለባትን ጽሑፍ። ልጄ ከፍታ አየቻትና «እዚህ 'ደራሲው ውብ ቋንቋ ተጠቅሟል' ይላል። ከየት አመጣኸው?» አለችው። ልጁ «ከቴሌግራም» አላት። እሷ ሳቀች፣ እሱ ግን ተናዶ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ በምንድን ነው የማስተምርሽ?» አልኳት።

ለማን ይሆናል? መጽሐፍ ማንበብ ለሚወድ፣ ወይም ቢያንስ ለማይጠላ ልጅ። አንድም ልብ ወለድ ጨርሶ የማያውቅ ልጅ ከሆነ ሁለት ወር አይበቃውም፣ ገንዘባችሁ ይባክናል፣ መጀመሪያ ያንብብ። ሰርተፊኬት የሚፈልግ ወላጅም አይድከም፣ ጋሼ ሰርተፊኬት አይሰጡም፣ «የጻፈው ወረቀት አይበቃውም?» ይላሉ። ዝምተኛ ልጅ ያላችሁ አትስጉ። የእኔዋ በጣም ዝምተኛ ናት፣ በወረቀት ከሳቸው ጋር ስትከራከር ነው የከረመችው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ10 8። 14 ልጆች እንደነበሩ ቢቀጥሉ 9 እሰጥ ነበር። አንዱ ነጥብ በዚያ መጸዳጃ ምክንያት በምንም መንገድ አይመለስም።

ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሊቀጥሉ ነው፣ ከ15 ልጅ በላይ አልቀበልም ብለዋል። እኔ አላመንኳቸውም፣ እናንተ ግን ስትመዘገቡ ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ፣ ከ20 ካለፈ ዋጋ ተከራከሩ። ከሰዓት ስለሆነ የሐይቁ ትንኝ አለ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። መጽሐፉን ኮፒ አድርጊልን ብላችሁ እኔ ጋ እንዳትመጡ፣ ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ አላደርግም፣ ግዙት። ስልካቸውን የምትፈልጉ ሱቅ ኑና ጠይቁኝ፣ አስፈቅጃቸው እሰጣችኋለሁ። እሑድ ዝግ ነኝ።